የበሩ ገድ

ሉዋ ከፎቅ ወርዳ፣ ከሱቁ ባንኮኒ ላይ አንድ ጥቅል ፕላስተር አንስታ ደጃፉን ከመሻገሯ፣ ከኋላዋ የላይተር ቀጭታ ሰማች። ዘወር ብላ ማየት አላስፈለጋትም። የወንድሟ ሚስት ሱየን ብጣሽ ወረቀት አቀጣጥላ በተደረደረው ዕቃ ላይ ታዞራለች፤ በወረቀቱ ቪላ፣ በወረቀቱ ሞተር ብስክሌት፣ በወረቀቱ ስልክና ጫማ ላይ። እያዞረችም "ደግ ገድ ይቅር፣ ክፉ ገድ ይውጣ፤ ደግ ገድ ይቅር፣ ክፉ ገድ ይውጣ" ትላለች። ሱቁ ለሙታን የሚቃጠል የወረቀት ዕቃ ይሸጣል። ሰባተኛው ወር፣ ሙታን ተፈትተው በየመንደሩ የሚዞሩበት ወር ገብቷል፤ ሱየን ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀውም ይህንኑ ወር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ገበያተኛ ሳይመጣ ዕቃ የነካ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም ዓመቱ በእንስሳት ሲቆጠር ለሴት ክፉ ገድ በሚባለው በነብር ዓመት የተወለደች ሴት፣ ያውም ሠላሳ ስምንት ዓመቷን ደፍና ባል ያላገባች ሴት፣ ስንት ወረቀት ቢቃጠልባት ይበቃታል?

"ሁለት ብጣሽ ጨምሪበት፣ እትዬ ሱየን" አለች ሉዋ። "በአንዱማ እኔ አልወጣም።"

"አንቺ ደግሞ! ላንቺ ነው ያለው ማነው? ለትንኝ ነው።"

"ትንኟም በነብር ዓመት ነው የተወለደችው?"

እናቷ ከሱቁ ጀርባ፣ መኝታ ቤትም ሳሎንም ወጥ ቤትም በሆነው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የእንጨት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ትጠጣለች። ሁሉንም ሰምታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት አፏን የምትከፍተው ሩዝ ሲያርር ብቻ ነው። የሉዋ ወንድም ቶዋን ጥርሱን እየጎረጎረ ስልኩን ያያል። ከራሱ በላይ፣ ሉዋ የወርቅ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አጥልቃ ከአንድ ባለሥልጣን ጋር የቆመችበት ፎቶ ተሰቅሏል። አሁን የሚታየው ግን ባለሥልጣኑ ብቻ ነው፤ እሷን ሱየን የደረደረችው የወረቀት ቪላ ሸፍኗታል። ባለሥልጣኑ ያን ዕለት እሷንና አብረዋት የተጫወቱትን "የአገራችን አልማዞች" ብሏቸው ነበር። አንድ ኩባንያም ለእያንዳንዳቸው ሞተር ብስክሌት ቃል ገባ፤ የመጣው የሩዝ መቀቀያ ነው። መቀቀያው እስከ ዛሬ ይሠራል። ቶዋን ጠዋት ማታ ከእሱ እየተመገበ፣ እህቴ ከኳስ ምን አተረፈች ይላል።

"የወንዶቹ ጨዋታ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው?" አላት።

"ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።"

"ዘንድሮስ ወርደው ይገላገሉ።"

እሷ የምታሠለጥናቸው ልጆች በስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ አልጠየቃትም። እሷም ጠዋት ሦስት ሰዓት መሆኑን አልነገረችውም። ሞተሯን አስነስታ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ባለጋሪ በሃያ ሺህ ዶንግ አንድ ዳቦ ገዝታ፣ እየነዳች በላችው።

የምትሠራበት የእግር ኳስ ክለብ የአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ ከሃኖይ ጫፍ፣ ከፋብሪካውና ከቦዩ መሐል። ዛፉ፣ የመስኮቱ መጋረጃ፣ የዘበኛው ቅንድብ ሁሉ ግራጫ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ሁለት ቡድኖች ይኖራሉ፤ ይኖራሉ ማለት ከተባለ። ወንዶቹ ባለመጋረጃና ባለማቀዝቀዣ አውቶቡስ አላቸው፤ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፉት በዚያ እየተመላለሱ ነው። ሉዋ የምታሠለጥናቸው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ልጃገረዶች ደግሞ ድሮ የፋብሪካውን ሠራተኞች ያመላልስ የነበረ፣ በሩ በሽቦ የታሰረ አውቶቡስ ተሰጥቷቸዋል። ወንዶቹ መሸነፍ ከጀመሩ ወዲህ ከምግብ ቤታቸው እንቁላል ታግዷል፤ ዜሮ ይመስላልና። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር ፍጥረትም ታግዷል፤ የሚረጨው ቀለም ጥቁር ነውና። የታገደው ሁሉ በሣህን በሣህን ወደ ልጃገረዶቹ ጠረጴዛ መጣ። ሉዋም አንዱን ሳትመልስ አስበላቻቸው። አራት ወር ሙሉ በወንዶቹ ፍርሃት ቀለባቸው ተሻሽሎ፣ ጉልበታቸው ጠና፣ መሮጥም ጀመሩ። አሁን ከምድባቸው አምስተኛ ናቸው፤ ዛሬ ፉሊ ከተማ ላይ አቻ ከወጡ አራተኛ ሆነው ለማጠቃለያው ያልፋሉ። ካላለፉ ቡድኑ እንደሚፈርስና መኝታ ቤታቸው የጠረጴዛ ቴኒስ ክፍል እንደሚሆን የክለቡ ቦርድ ገና በዓመቱ መጀመሪያ ወስኗል። አርፍደው ከደረሱ ደግሞ ሳይጫወቱ ተሸንፈዋል።

ሉዋ ስትደርስ ልጆቹ አውቶቡሳቸው ውስጥ ናቸው፤ ሞተሩ ይንተከተካል፤ የግቢው ትልቁ በር ግን በሰንሰለት ታስሯል። ከበሩ ፊት ለፊት፣ አፍንጫውን ብረቱ ላይ ሊያስነካ ምንም ሳይቀረው፣ የወንዶቹ አውቶቡስ ቆሟል።

"ጋሼ ቲን፣ ክፈትልን እንጂ" አለችው ዘበኛውን።

"የሴቶቹ አውቶቡስ ከወንዶቹ በፊት እንዳይወጣ ተብሏል፣ ልጄ። ቁልፉም እኔ ጋ የለም።"

ቁልፉ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ባንግ ኪስ ውስጥ ነው። ባንግ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ሰዓቱን ያያል። ትናንት ማታ አንድ አዋቂ ዘንድ ሄዶ ነበር። አዋቂው መጽሐፉን ገልጦ፣ ቡድኑ መውጣት ያለበት በዘንዶው ሰዓት፣ ልክ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ ነው ብሎታል። ከበሩ ሲወጡም መጀመሪያ የሚያዩት ሰው ወንድ ይሁን፤ ሴት ከሆነች ግን መንገዱም ጨዋታውም ያው ተበላሸ። ባንግ ታዲያ ነገሩን ለዕድል አልተወም። የክለቡን ሒሳብ ሹም፣ ሁለት ወንድ ልጅ የወለደ፣ በፈረስ ዓመት የተወለደና በዕዳ ተከሶ የማያውቅ ሰው መርጦ፣ ከመንገዱ ማዶ አቁሞታል። ሒሳብ ሹሙ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ፊቱን በፈገግታ አዘጋጅቶ፣ ገና በማለዳው ላብ ያጠምቀዋል።

"ጋሼ ባንግ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳ መገኘት አለብን" አለች ሉዋ። "አሁን ካልወጣን አንደርስም።"

"ግማሽ ሰዓት ምን አላት? ሹፌራችሁ ይርገጠው።"

"ሲረገጥ በሩ ይወድቃል።"

ባንግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ ተጠጋት። "እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ አሠልጣኝ ነሽ። እኔም ብሆን ይኼን አጉል እምነት የምወድ ሰው አይደለሁም። ግን ስድስት ጨዋታ! የተጠነቀቀ ሰው ምን ይጎዳል?"

"የተጠነቀቅከው አንተ፤ የምንጎዳው እኛ።"

"እናንተማ ልጆች ናችሁ፤ ነገ ሌላ ጨዋታ ይኖራል" ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፣ ወደ ሰዓቱም ተመለሰ።

ነገ ሌላ ጨዋታ እንደማይኖር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የጠረጴዛ ቴኒሱን ክፍል ያሰበው ራሱ ነው። ሉዋ በተጫዋችነቷ ዘመን፣ ወንዶቹ በሚወጡበት ጠዋት አሠልጣኟ ሁሉንም ልጃገረዶች ከታጠበ አንሶላ ኋላ ይደብቃቸው ነበር። እዚያ፣ እርጥብ ጨርቅ ፊታቸው ላይ እየተለጠፈ፣ አፋቸውን አፍነው ይስቁ ነበር። ያኔ ነገሩ ጨዋታ ይመስላት ነበር። አሁን ልጆቿን በአውቶቡሱ መስኮት ስታይ የሚስቅ የለም። ደግሞም እዚህ ግቢ አንሶላ ቢሰጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ሲሚንቶ ይሆናል።

ወደ ዘበኛው ተመለሰች። "ጋሼ ቲን፣ የታዘዝከው አውቶቡሱ እንዳይወጣ ነው አይደል?"

"አውቶቡሱ።"

"ልጆቹ በትንሿ በር በእግራቸው ወጥተው ዳቦ ቢገዙስ?"

ሽማግሌው ቅንድቡን አራገፈ። "ስለ ዳቦ የነገረኝ የለም" አለና ትንሿን በር ከፈተ።

አሥራ ስምንቱም ልጆች ታኬታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ በአንድ ወጡ። ሉዋ መንገዱን አሻግራ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙራ አሰለፈቻቸው። የቡድኑ አምበል ታም፣ ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥን ልጅ፣ "እትዬ፣ በቁመት ነው ወይስ በመልክ?" አለች።

"በቁጥር። ግብ ጠባቂዋ መሐል ትሁን፤ ሰፋ ትላለች።"

"ኧረ እባካችሁ!" አለ ሒሳብ ሹሙ ጃንጥላውን እያወዛወዘ። "ኧረ ቦታው የእኔ ነው! ከሌሊት ጀምሬ ነው የቆምኩት!"

"ማን ከለከለህ፣ ጋሼ? ና መሐላችን ግባ፤ ጃንጥላው ይበቃናል" አለችው ታም፤ ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ።

ባንግ እየሮጠ መጣ። ትንሿን በር ሊያልፍ እግሩን ካነሳ በኋላ መለሰው፤ ከወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሴት ነዋ። እንደ እስረኛ የበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ጮኸ። "ሉዋ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቆመናል። መንገዱ የመንግሥት ነው። ሰዓታችሁ ሲደርስ እንሸኛችኋለን፤ አሥራ ስምንት ሴቶች፣ እኔም ከፊት።"

"አንቺ እኮ በነብር..."

"አዎ፣ በነብር ዓመት። አላገባሁም፤ ልጅም የለኝም። ከዚህ የባሰች ሴት በጠቅላላ ሃኖይ ብትፈልግ አታገኝም።" ድምፅዋን አላነሳችም። "ወይም ደግሞ አሁኑኑ አውቶቡሳችንን አውጣልን። በሰዓታችሁ ከዚህ ቦታ የሴት ጥላ እንኳ አይኖርም፤ መንገዱም የሒሳብ ሹሙ ይሆናል።"

ባንግ አሰበ። ሲያስብ ግንባሩ ላይ የሚታይ ሰው ነበር፤ በአንድ በኩል አንዲት አሮጌ አውቶቡስ፣ በሌላ በኩል ዐሥራ ዘጠኝ መጥፎ ገድ። የወንዶቹን አውቶቡስ ወደ ኋላ አስጠግቶ ሰንሰለቱን ፈታ። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት፣ የወንዶቹ አውቶቡስና ሉዋ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ከፊት ወንበር የተቀመጠው የወንዶቹ አሠልጣኝ ኮፍያውን አይኑ ላይ ደፋ። አጥቂዎቹ ግን ስልካቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይቀርጻሉ፤ ኳስ ተቀብለው እንዲህ በአንድነት ተንቀሳቅሰው አያውቁም።

"ስሚኝ!" አለ ባንግ፣ የልጃገረዶቹ አውቶቡስ በአጠገቡ እየተንገጫገጨ አልፎ ከመንገዱ ማዶ ሲጭናቸው። "ወንዶቹ ዛሬ ቢሸነፉ፣ ማታ መልቀቂያሽን በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ታመጫለሽ!"

"ቢያሸንፉስ?"

ባንግ ሰዓቱን አየ። ይህንን ጭራሽ አላሰበውም ነበር።

ሜዳ የደረሱት ዳኛው ሰዓቱን እያየ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከጨመረ በኋላ ነው። ልጆቹ ሰውነታቸውን ያሟሟቁት ከአውቶቡሱ እስከ መስመሩ ሲሮጡ ነው። ተመልካቹ ጥቂት ወላጆች፣ አንዲት የበረዶ ሻይ ሻጭና ከጃንጥላ ሥር የሚያንቀላፋ አንድ የፌዴሬሽን ሰው ብቻ ነበር፤ ሰውየው ግብ ሲቆጠር ነቅቶ ያጨበጭብና ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተመልሶ ይተኛል። ሣሩ ተረግጦ አልቋል፤ ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል። በመጀመሪያው ግማሽ አንድ ገባባቸው። ሉዋ የሚያማትን ጉልበቷን በጠዋቱ ፕላስተር አስራ መስመሩ ላይ ቆማለች፤ አትጮህም። በስንት አሠልጣኝ ስትሰደብ ያደገች ናት፤ ስድብ እግር እንደማያፈጥን ታውቃለች። ለዕረፍት ሲወጡ ውኃ አጠጥታ፣ የግራዋን ተከላካይ ወደ ፊት እንድትገፋ፣ ታምም ወሬዋን ትታ ኳሱን ቶሎ እንድትለቅ ነገረቻቸው። ሊያልቅ ሲል የግራዋ ተከላካይ ያሻማችው ኳስ በአንዷ ጀርባ፣ በሌላዋ ጉልበት፣ በመጨረሻም በታም ትከሻ ነጥሮ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ መስመሩን አለፈ። አስቀያሚ ግብ ነበር። ባለሥልጣን ፎቶ የማይነሳበት ዓይነት ግብ። አንድ ለአንድ አለቀ፤ አራተኛ ሆኑ፤ አለፉ። ልጆቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። የፌዴሬሽኑ ሰው ነቅቶ አጨበጨበ።

ሲመለሱ መንገድ ዳር፣ አንዱን ሣህን በሠላሳ አምስት ሺህ ዶንግ የሩዝ ኑድል በሉ። ደስታቸው ግን ሣህኑ ሳያልቅ ቀዘቀዘ፤ የባንግን ማስፈራሪያ ሁሉም ሰምተዋል።

"እትዬ፣ ወንዶቹ ቢሸነፉ እውነት ያባርሩሻል?" አለች ግብ ጠባቂዋ።

"ያባርሩኛል።"

"እና አሁን የእኛ ነገር በእነሱ እግር ሆነ?" አለች ታም። "ያንን ግንብ የሚመስል አጥቂያቸውን ኳሱን እግሩ ላይ አድርግለት ብዬ ልጸልይ? በሕይወቴ ለእነሱ ጸልዬ አላውቅም። እትዬ፣ ምን ዓይነት ውርደት ውስጥ ነው የከተትሽን?"

ልጆቹ ሳቁ። ሉዋም ሳቀች፤ ግን በሁለት ዓመት ከየገጠሩ ለቅማ ያመጣቻቸውን ልጆች፣ ለአንድ ሌላ ከተማ ሜዳ፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቁ ጎረምሶች እግር አስይዛ እንደምትመለስ ታሰባት። በትክክል ሠርታ፣ በትክክል አልፋ፣ ፍርዷን የሚሰጠው ሌላ ኳስ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድም ልጅ አልዘፈነም።

ከሰዓት በኋላውን ከልጆቹ ጋር ክለብ ቆይታ ቤት ስትደርስ መሽቷል። ሱየን ባንኮኒዋን እየጠረገች ታንጎራጉራለች። ቶዋን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ስልኩ ላይ ተደፍቷል። እህቱን ሲያይ ተነሣ፤ ፕላስቲክ በርጩማውን በእጁ ጠርጎ ወደ እሷ ገፋላት። እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ሉዋ ደነገጠች።

"ሁለት ለዜሮ!" አለ። "አንዱን ራሳቸው ባለሜዳዎቹ ናቸው ያገቡላቸው፣ አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት። ኳሷ ራሷ ፈለገቻቸው በይኝ! አንቺ በሩ ላይ የቆምሽበት ቪዲዮ እኮ የደጋፊውን ገጽ ሞልቶታል። 'ነብሯ መንገድ ከፈተች' ብለውሻል።"

እናቷ ሣህን አቀረበችላት፤ ሩዝ፣ ጎመን፣ የተጠበሰ ዓሣ። ሉዋ አንድ ጊዜ እንደጎረሰች ስልኳ ጮኸ። ቶዋን ከእጇ ነጥቆ ድምፁን ለሁሉም ከፈተው።

"እህቴ ሉዋ! የኔ ወርቅ!" የባንግ ድምፅ ነው፤ ከኋላው ሰዎች ብርጭቆ እያጋጩ ይጮኻሉ። "አዋቂው ጋ ደወልኩ እኮ! ነብር በር ላይ ሲቆም ክፉ መንፈስ አያልፍም፣ ይኼን እንዴት ሳታውቁ ቀራችሁ ብሎ ተቆጣኝ። ከእንግዲህ ወንዶቹ በወጡ ቁጥር በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማሊያ ትቆሚያለሽ። ማሊያውን ደግሞ እንዳታጥቢው!"

"የሴቶቹ ቡድንስ፣ ጋሼ?"

"ማን ይነካውና! አንቺ በሩ ላይ እስካለሽ ድረስ ማን ይነካዋል?"

"እኛም ዛሬ አራተኛ ወጣን።"

"በምን?" አለ ባንግ።

ጎረቤቶቹ ወደ ጣሪያ አዩ። ሉዋ ዓሣውን ከአጥንቱ ለየች፤ አጥንቱን ከሣህኑ ጠርዝ አስቀመጠች።

"በኳስ ነው፣ ጋሼ። ቅዳሜ ለማጠቃለያው እንሄዳለን። የምንወጣው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።"

"ንጋት? ወንዶቹ በዚያ ሰዓት አይነሱም! እንቅልፍ ለጡንቻቸው..."

"እንግዲህ ገድ የሚፈልግ በጊዜ ይነሣል። በሩ ላይ ተሰልፋችሁ ጠብቁን፤ ስንወጣ ታዩናላችሁ። እኔ ሌላ ሰዓት የለኝም። ደግሞ የእኛ አውቶቡስ በሩ ሊወድቅ ነው፤ መንገድ ላይ ቢቀር ገዱም እዚያው ይቀራል። በእናንተው ብንሄድ ይሻላል።"

ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል። ከዚያ ባንግ፣ በሕይወቱ ለሴት አሠልጣኝ እንዲህ ባለ ትሕትና መልሶ በማያውቅ ድምፅ፣ "ከአሥራ ሁለት ስንት ጉዳይ እንሰለፍ?" አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሱየን ጨርቋን ትታ እጇን እያሻሸች ቀረበች። "ሉዋዬ፣ ዛሬ እኮ ሦስት ቪላ ነው የሸጥኩት! እግርሽ እርጥብ ነው፤ እኔ ድሮም እላለሁ። ነገ ከሁሉ በፊት አንቺ ውረጂና የፈለግሽውን ዕቃ ንኪልኝ። ፕላስተሩንም ውሰጂው፤ ያንቺው ነው።"

ቪላዎቹ ተሸጠዋልና ግድግዳው ተከፍቷል፤ ከባለሥልጣኑ ጎን አንዲት ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰላት ልጅ ሜዳሊያዋን ጨብጣ ትታያለች። ሉዋ ሳህኗን ወደ ጎን አድርጋ ተነሣች። ከባንኮኒው ላይ አንድ ብጣሽ ወረቀትና የሱየንን ላይተር አነሣች። ወረቀቱን አቀጣጥላ፣ ገና ትኩስ በሆነው ስልኳ ዙሪያ፣ በማሊያዋ ዙሪያ፣ በፕላስተሩ ዙሪያ፣ ቀስ እያለች አዞረችው። "ደግ ገድ ይቅር" አለች፣ "ክፉ ገድ ይውጣ።"

"አንቺ፣ ምን ማለትሽ ነው?" አለች ሱየን።

"ለትንኝ ነው፣ እትዬ።"

ጎረቤቶቹ እየተያዩ ሊወጡ ተነሡ። ያን ጊዜ ከእንጨት አልጋው ጫፍ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ሻካራና ዝገት የበላው፣ ግን የሚሰማ።

"ወንድምሽም ላይ አዙሪው" አለች።

ሁሉም ወደ መቀቀያው አዩ። ሩዙ ግን አላረረም ነበር።